ከወፍ ዋሻ ደን ደረቅ እንጨት መልቀም ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ የቁም ጽድና ዝግባ እስካልተቆረጠ ድረስ የወፍ ዋሻ ጎረቤት የሆነ ገበሬ የወደቀውን ደረቅ እንጨት ቢለቅም ደኑን አይጎዳም።

ከአንኮበር፦ በዚህ አልስማማም። የወደቀ ግንድ ለእኛ ማገዶ ይሁን እንጂ ለደኑ ትንንሽ አጥቢዎች ቤትም ጓዳም ነው፤ ከሥሩ ያለው እርጥብ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ጥንዚዛውንና ትሉን ስለሚያኖር፣ አይጥ የሚመስሉት አፍንጫ ሹል ነፍሳት በሎች ቀለባቸውን የሚያገኙት እዚያ ነው። ገላቸው ትንሽ፣ ሙቀታቸውም ቶሎ የሚባክን በመሆኑ ሳይበሉ ብዙ ሰዓት አይቆዩም። ከእነዚህ አንዱ፣ በባሌው የሐረና ደን ብቻ የሚታወቀውና በ1990 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የተዋወቀው ዝርያ፣ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል። እርሱ እኛ ዘንድ የለም፤ ነገር ግን ደን ከሥሩ ተጠርጎ ከላይ አረንጓዴ መስሎ ሊታይ እንደሚችል ልብ ይሏል።

ከደብረ ሲና፦ መምህር፣ የባሌውን ለባሌ እንተወው። በክረምት ኩበቱ ሲረጥብ እናቶቻችን ምን ያንድዱ? ለዓይን እንኳ ለማይታይ እንስሳ ተብሎ ሰው በብርድ ይቀጣ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከመንዝ፦ ሁለታችሁም የመንዙን የሣር መስክ፣ ጓሳን፣ ረሳችሁ። አባቶቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ ጊዜው ሲደርስ ለቤት ክዳንና ለገሳ የሚሆነውን ያሳጭዱ ነበር። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ እንጂ ሐሳቡ አልሞተም፤ ዛሬም ጓሳን የሚጠብቀው ማኅበረሰቡ ነው። ወፍ ዋሻንም ከፋፍሎ በየተራ መዝጋት ይቻላል።

ከአንኮበር፦ መልካም፣ ነገር ግን የታጨደ ሣር በጥቂት ዓመት ይመለሳል፤ የጽድ ግንድ ወድቆ እስኪበሰብስ የሰው ዕድሜ ያልፋል። ስለዚህ ተራው ብቻውን አይበቃም። ጭራሮው ይለቀም፣ ከክንድ የወፈረው ግን በወደቀበት ይቅር፤ ቅጠሉን የሚረግጠው ከብትም ከደኑ ይውጣ።

ከደብረ ሲና፦ የከብቱን ጉዳይ ለብቻው እንከራከርበታለን፤ በጭራሮው ግን እስማማለሁ። የቀረኝ ጥያቄ፣ ሸክሙን ፈትቶ የእንጨቱን ውፍረት የሚያየው ማን ነው የሚለው ነው። ጠባቂውን የደኑ ጎረቤቶች ራሳቸው እንዲመርጡት በሐሳቡ ካልተጻፈ ድምፄን አልሰጥም።