ክርክር፦ ሙሾ መድረክ ላይ ይቅረብ ወይስ ለቅሶ ቤት ይቅር?

ጣና ዳር፦ ሰላም ወገን። ቅዳሜ እዚሁ ባህር ዳር አንድ የግጥም ምሽት ላይ ነበርኩ። አንድ ልጅ ለቅሶ ቤት የሰማውን ሙሾ በማሲንቆ አጅቦ አቀረበው። ግማሹ ሰው አለቀሰ፣ ግማሹ አጨበጨበ። እኔን የከበደኝ ጭብጨባው ነው። ሙሾ በቲኬት ይሸጣል እንዴ? በእኔ በኩል ለቅሶ ቤት ይቅር።

ባለ ማሲንቆው፦ አልቃሽ እኮ ድሮም ይከፈላታል። ቤተሰቡ ይጠራታል፣ ስለ ሟቹ ይነግራታል፣ እሷ እዚያው ሙሾውን ታወርዳለች። የማታውቀውን ሰው አንስታ መንደሩን ታስለቅሳለች። ለቀስተኛውም ቢሆን ደረቱን የሚደቃው የራሱ ሟች ትዝ ብሎት ነው።

የሽምብጧ፦ ልክ ነህ፣ ግን አልቃሿን ቤተሰቡ ነው የጠራት። ያንን ልጅ ማን ጠራው? አክስቴ ለልጇ ያወረደችው ሙሾ በስልክ ተቀድቶ ማህበራዊ ሚዲያ ላይ አገኘነው። ከስሩ «ገዳይ ግጥም!» ተብሎ ተጽፎበታል። እስቲ ይሄን ምን ትለዋለህ?

ባለ ማሲንቆው፦ እሱስ ነውር ነው፣ አልከራከርሽም። ግን ነውሩ የቀዳው ሰው እንጂ የመድረኩ አይደለም።

የቅኔው አባት፦ ልጆቼ፣ እኔ ጎጃም ቅኔ ቤት ነው ያደግሁት። ከቅኔ ዓይነቶች ባለ 2 ቤቷ (ስንኟ) ጉባኤ ቃናም ሆነች ባለ 8 ቤቱ መወድስ ለዕለቱ ነው የሚዘረፉት፣ ማለትም አዲስ የሚፈጠሩት። የሌላውን ቅኔ የኔ ነው ያለ ይናቃል። ልጁም ሐዘን ካለው የራሱን ይግጠም።

ፔዳ፦ አባቴ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። መንገድ ተዘግቶበት ዘመዱን ያልቀበረ ስንት ሰው አለ። እሱ የት ሄዶ ያልቅስ? ቅዳሜ ከጎኔ የነበረው ሰውዬ ሙሾው ካለቀ በኋላም እንባው አልቆመም። ደግሞ ፈቃድ ከተባለ የፍቅር ግጥምስ? ስንቷ የፔዳ (የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) ተማሪ ሳትጠየቅ ግጥም ውስጥ ገብታለች 😄

የሽምብጧ፦ እሷ ቢያንስ በሕይወት አለች፣ መልስ ትሰጣለች።

ጣና ዳር፦ እሺ፣ እንዲህ ቢሆንስ? ቤተሰብ ይጠየቅ፣ የሟች ስም ከሙሾው ይውጣ፣ ጭብጨባ ይቅር።

ባለ ማሲንቆው፦ ስሙ ከወጣማ ምኑን ሙሾ ሆነ? ሙሾ የሟቹን ስም፣ አገሩን፣ ልጆቹን እየጠራ ነው የሚወርደው። ቤተሰብ ይጠየቅ በሚለው ግን ተስማምቻለሁ። የጭብጨባውን ነገር አንተው ለመድረክ መሪው ንገረው።