ከለገጣፎ ተነስቶ ሀዋሳና አርባ ምንጭ፦ ቤተሰብ ይዞ በመኪና መሄድ

ከካልጋሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ለጥምቀት አገር ቤት እንገባለን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ4 እና የ9 ዓመት ልጆቻችን ነን። እናቴ ለገጣፎ ናት፤ 71 ዓመቷ ነው። ከበዓሉ በኋላ እሷንም ይዘን በመኪና ሀዋሳና አርባ ምንጭ ደርሰን ለመመለስ አስበናል። ባለቤቴ እዚህ ካናዳ በቀን 800 ኪሎ ሜትር ነድቶ ያውቃል። «500 ኪሎ ሜትር ምን አላት፣ ጠዋት ወጥተን ማታ አርባ ምንጭ ነን» ይለኛል። እኔ ግን ልቤ አልረጋ አለኝ። ገንዘባችንም የተቆጠረ ነው። መንገዱን የምታውቁ እስቲ ምከሩኝ።

ከኮዬ ፈጬ፦

እህቴ፣ ከወዲሁ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከዴንቨር ጠቅልዬ ከገባሁ 6 ዓመት ሆነኝ። ቤቴ ኮዬ ፈጬ ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ የፈጣን መንገድ መግቢያ ብዙም አይርቅም። በዚያ መንገድ ብዙ ጊዜ ወጥቼ ገብቻለሁ። ልብሽ የነገረሽ ልክ ነው። ባለቤትሽንም አልፈርድበትም፤ እኔም የመጀመሪያው ዓመት ላይ ያልኩት ልክ እሱ ያለውን ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ያዙ። ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት የምታድሩበት ከተማ ገብታችሁ መኪናውን አቁሙ። (ሰዓቱን የማወራው በእኛ አቆጣጠር ነው።) የጉዞውን ርቀት፣ የምታድሩበትን ቦታ፣ በጀቱንም ሳይቀር ከዚህ ተነስታችሁ አስቡት።

ለምን እንደምል ልንገርሽ። ያኔ መኪና ተከራይተን ከነልጆቻችን ወደ አርባ ምንጭ ወጣን። የተነሳነው 3 ሰዓት ላይ ነው። ቁርስ አረፈደን፣ ከዚያ ላንጋኖ ካልወረድን አሉ፣ ከዚያ ምሳ። ሀላባን ስናልፍ ጨለመ። እኔ መሪው ላይ ነኝ። ከፊት ለፊት የሚመጣው መኪና መብራቱን ለቆብኛል፤ ምንም አይታየኝም። እሱ ሲያልፍ ጭንቅላት የሚያህሉ ድንጋዮች አስፋልቱ ላይ በመስመር ተደርድረው አየሁ። ፍሬን ያዝኩ፤ አልደረስኩም። የቀኝ የፊት ጎማ ፈነዳ።

ድንጋዮቹን ማንም በክፋት አላስቀመጣቸውም። የጭነት መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ሹፌሩ ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ይደረድራል፣ የሚመጣው አይቶ እንዲጠነቀቅ። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ቀን ቀን ከሩቅ ይታያል። ቅጠል የተጎዘጎዘበት አስፋልት ካያችሁም ወዲያው ፍጥነት ቀንሱ፤ ከመታጠፊያው ማዶ የቆመ መኪና አለ ማለት ነው።

ጎማው ከፈነዳ በኋላ የኋላውን የዕቃ መጫኛ ከፈትኩ። ስኮርታው፣ ትርፍ ጎማው ማለት ነው፣ አለ፤ ግን ነፋስ የለውም። ክሪክም አለ፣ ማዞሪያው ግን የለም። ያከራየን ሰው «ሁሉ ነገር ሙሉ ነው» ብሎኝ ነበር፤ እኔም ሳላይ ፈርሜ ወጣሁ። ልጆቹ ከኋላ ያለቅሳሉ። ከ40 ደቂቃ በኋላ አንድ የኤፍ ኤስ አር ጭነት መኪና ሹፌር ቆመልን። ክሪኩን አወጣ፣ ከራሱ መኪና የአየር ታንክ ቀጭን ቱቦ ስቦ ስኮርታውን ነፋልን። ገንዘብ ስሰጠው እጄን መለሰው። «ልጅ ይዘህ በዚህ ሰዓት ምን ታደርጋለህ?» ነው ያለኝ። መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ ወደ እናንተ ጉዞ ልምጣ።

ከለገጣፎ መነሳታችሁ ራሱ ሊታሰብበት ይገባል። ሰው ርቀቱን ከአዲስ አበባ ይቆጥራል። ከከተማው ሰሜን ምሥራቅ ዳር እስከ ደቡብ ምሥራቅ ዳር የሚበላውን ጊዜ ግን አይቆጥርም። በአያት፣ በሰሚት፣ በጎሮ አድርጎ ቱሉ ዲምቱ ለመድረስ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ብትወጡ ቀላል ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ብትወጡ የቀኑ ምርጥ ጊዜ መብራት ላይ ያልቃል። ስለዚህ ሻንጣውን ማታውኑ ጫኑ፣ ነዳጁም ከቀደመው ቀን ይሞላ። ጎህ ሲቀድ ቱሉ ዲምቱ መግቢያ ላይ ሁኑ።

ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ ያለው ፈጣን መንገድ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በክፍያ የሚሠራው ነው። እናንተ አዳማ አትደርሱም፤ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ትታጠፋላችሁ። ከሞጆ በመቂ አድርጎ እስከ ባቱ፣ ዝዋይ የምንለው ማለት ነው፣ ያለውም አሁን ፈጣን መንገድ ሆኗል። ክፍያው እንደ ርቀቱና እንደ መኪናው ዓይነት ነው። በቀድሞው መንገድ በደብረ ዘይት በኩል ብትሄዱ ክፍያውን ታተርፋላችሁ። ግን ከሲኖትራኩና ከባጃጁ ጋር ስትጋፉ የሚቃጠለው ነዳጅና ጊዜ ያንን ይበላዋል። ለዚህ ክፍያ አትሰስቱ።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ከፈጣን መንገዱ ስትወጡ ነው። ዓይን በ100 እና በ120 ለምዷል። በድንገት አህያ፣ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ከትምህርት ቤት የሚወጣ ልጅ ያለበት ባለ ሁለት አቅጣጫ አስፋልት ላይ ትወድቃላችሁ። 70 ላይ ስትሄዱ የቆማችሁ ይመስላችኋል። እኔ ሁልጊዜ ባቱ ላይ እቆማለሁ። ቁርስ በልተን፣ እግራችንን አፍታትተን፣ ዓይናችን ከመንደሩ ፍጥነት ጋር ሲታረቅ ነው የምንነሳው። ለእናትሽም ጥሩ ነው፤ በዚህ ዕድሜ በየሰዓት ተኩሉ ወርዶ ጥቂት መራመድ ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ከሄዳችሁ ለምሳ ሀዋሳ ናችሁ። ሁለት ሌሊት እደሩ። ከዚያ ሻሸመኔ ተመልሳችሁ በሀላባና በሶዶ ወደ አርባ ምንጭ፤ እሱም አንድ ሙሉ ቀን ይያዝለት። መመለሻውን በአንድ ቀን አታስቡት። ሶዶ እደሩና በማግስቱ ግቡ።

መኪናውን በተመለከተ፣ ሹፌር ያለው ብትከራዩ ይሻላችኋል። የካናዳ መንጃ ፈቃድ ብቻውን እዚህ አያስነዳም። ሰነዱን አስረጋግጦ ወደ ኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ማስለወጥ ይጠይቃል። ለሦስት ሳምንት ዕረፍት ያን ሁሉ ቢሮ መመላለስ ምን ያደርግላችኋል? ከሹፌሩ ጋር ግን ከመነሳታችሁ በፊት በግልጽ ተነጋገሩ። ነዳጅ የማን ነው? የእሱ አልጋና ምግብ በአበሉ ውስጥ ነው ወይስ ተጨማሪ? በቀን የኪሎ ሜትር ገደብ አለ? መኪናው ቢበላሽ የዚያ ቀን ሂሳብ ምን ይሆናል? አራቱንም በወረቀት አስፍሩ። ሹፌሩ ጥሩ አልጋ ላይ ማደሩን ራሳችሁ አረጋግጡ። መኪና ውስጥ አድሮ ሌሊት ሙሉ ሲገላበጥ የነበረ ሰው በማግስቱ የእናንተን ልጆች ነው የሚነዳው። አበሉ ላይ መከራከር ለእኔ ቁጠባ አይደለም።

መኪናውን ስትረከቡ ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን መድኑን ቀን እዩ። ቀጥሎ ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ አምስቱንም ጎማ አስለኩ። አምስተኛው ስኮርታው ነው። ክሪኩን አውጥታችሁ አንድ ጊዜ ሞክሩት። ከዚያ የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ በሉና ቀበቶውን ፈልጉ። እዚህ አገር ብዙ መኪና ወንበሩ ልብስ ይለብሳል፤ የቀበቶው መሰኪያ ከልብሱ ሥር ተቀብሮ ይቀራል። አንዴ የወንበሩን ልብስ በመቀስ አስቀድጄ ነው ያወጣሁት። የሕፃን ወንበር ከኪራይ መኪና ጋር አገኛለሁ ብለሽ አታስቢ፤ የ4 ዓመቱን ልጅ ወንበር ከካልጋሪ ይዘሽ ነይ።

ነዳጁን እንዲህ አስሉት። መሄጃ መመለሻው 1,050 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን፣ ከተማ ውስጥ ለመዘዋወር 100 ጨምሩ። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ከበላ 115 ሊትር ነው። እኔ 130 እይዛለሁ። ሊትሩን በምትመጡበት ቀን ታሪፍ አባዙት። ማደያ ላይ የሚከፈለው በስልክ ነው፤ ቴሌብር ላይ ብር መኖሩን አረጋግጡ። ታንኩ ግማሽ ሲደርስ ሙሉት፤ ቀጣዩ ማደያ ሰልፍ ሊሆን ወይም ጭራሽ ሊያልቅበት ይችላል። በጀሪካን ይዞ መሄድ የሚል ሹፌር ካጋጠማችሁ እሺ አትበሉት፣ ልጆች ያሉበት መኪና ውስጥ ቤንዚን አይጫንም።

ስንቅ ያዙ። እናትሽ ጭኮ ካዘጋጁ፣ ቆሎና ዳቦ ካለ፣ ሻይ በፔርሙዝ ከተያዘ የቁርሱ ወጪ ቀረ ማለት ነው። የልጆቹም ሆድ ከማያውቁት ምግብ ያርፋል። ለአሳው ግን ሀዋሳ ላይ ወጪ አውጡ፤ የሐይቁ ዳር የአሳ ገበያ ጠዋት ጠዋት ነው የሚያምረው።

ከካልጋሪ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ስለ ድንጋዩ ሲያነብ ዝም አለ። ሁለት ጥያቄ ልጨምር። የመንገዱ ፀጥታስ? ዘመዶቻችን ጎጃምም አሉ፤ በመኪና እንደርስ ይሆን? ሌላው ደግሞ የአጎቴ ልጅ ኤሌክትሪክ መኪናውን ልስጣችሁ ብሎናል። ነዳጁ ይቀርልናል።

ከገላን፦

ስለ ኤሌክትሪኩ እኔ ልመልስ፣ አንድ አለኝና። ለከተማ የሚያህለው የለም። ለአርባ ምንጭ ግን አልመክርም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ባቱ ከ1,600 ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስትወርዱ ባትሪው አይቀንስም ብላችሁ ትደሰታላችሁ፤ ስትመለሱ ያን ሁሉ ዳገት ይከፈላል። በፈጣን መንገድ 120 መንዳትም ባትሪ ይጨርሳል፤ እኔ 80 እና 90 ላይ ነው የምሄደው። ሆቴል ውስጥ በተራ ሶኬት 10 ሰዓት ሙሉ ብትሰኩት 20 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይገባል። ይህ 100 ኪሎ ሜትርን ትንሽ አልፎ ያስኬድ ይሆናል። ሌሊት መብራት ከጠፋ ደግሞ ጠዋት እዚያው ናችሁ። ቢሾፍቱ ደርሶ ለመመለስ ግን ውሰዱት፤ ሐይቁ ዳር ምሳ በልታችሁ ያለ ሐሳብ ትመለሳላችሁ።

ከኮዬ ፈጬ፦

ስለ ፀጥታው፣ ጎጃም በመኪና አትሂዱ። በፊቼና በገብረ ጉራቻ በኩል በሚወስደው መስመር ተሳፋሪ የታገተበት ጊዜ ነበር። ባሕር ዳር በአውሮፕላን የአንድ ሰዓት ያህል በረራ ነው። እዚያ ያሉት ዘመዶች እስከ ከተማ ድረስ እንድትመጡ ወይም እንዳትመጡ እነሱ ይንገሯችሁ፤ የዕለት ዕለቱን ሁኔታ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የደቡቡንም ቢሆን ዝም ብላችሁ አትውጡ። እኔ ከምነሳበት አንድ ቀን በፊት ማታ መናኸሪያ እሄዳለሁ፣ ወይ የማውቀው የመስመር ሹፌር ጋ እደውላለሁ። «ዛሬ ስንት ሰዓት ገባህ? የት አስቆሙህ?» እላለሁ። ዛሬ የመጣ ሹፌር የሚነግርህን ያህል የሚያውቅ የለም። እሱ «ቆይ» ካለ እቆያለሁ። ለዚህ ብላችሁ ሁለት ትርፍ ቀን ያዙ፤ የመመለሻ በረራችሁ ከጉዞው ማግስት አይሁን። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፣ 991 ፖሊስ። ሁለቱንም በወረቀት ጽፋችሁ መኪናው ውስጥ አስቀምጡ፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል።

ወባን ሳልነግርሽ ልረሳው ነበር። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፤ ሀዋሳም ከ2,000 በታች ነው፤ ወባ የሚገኘው እንዲህ ዝቅ ባለ ቦታ ነው። ልጆቻችሁ አያውቁትም፤ የለገጣፎዋ እናትሽም ደገኛ ናቸው። ከመነሳታችሁ ሳምንታት በፊት ካልጋሪ ያለውን ሐኪም ጠይቁ፣ አንዳንዱ መድኃኒት ከጉዞው በፊት የሚጀመር ነው። አልጋ ስትይዙ አጎበሩን ዘርግታችሁ ቀዳዳ እንደሌለው እዩ። ካናዳ ከተመለሳችሁ በኋላ ማንኛችሁም ትኩሳት ቢነሳባችሁ አርባ ምንጭ እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከለገጣፎ በሌሊት እናትሽን ቀስቅሶ ከመነሳት፣ ማታውኑ ሁላችሁም እኛ ጋ ኑና እደሩ። ሁለት ፍራሽ አለ፣ ልጆቹ ከልጆቼ ጋር ይተኛሉ። ባለቤቴም ደስ ይላታል። ከእኛ በር ቱሉ ዲምቱ ለመድረስ በጠዋት ብዙ አይፈጅም፤ እናትሽ ቡናቸውን ጠጥተው ይወጣሉ። ስትገቡ ብቻ ከሦስት ቀን በፊት አሳውቂኝ።