በሳንባ ምች የተኙት አባታችን በድንገት መቃዠት ጀመሩ፤ መንስኤው ምን ሊሆን ይችላል?

ጠያቂ (አስታማሚ)፦ ጤና ይስጥልኝ። የ71 ዓመቱ አባታችን የቆየ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሲሆን ኩላሊታቸውም ደክሟል። በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኝተው ኢንሱሊን እየተወጉ ይታከማሉ፤ ምግብ ግን እምብዛም አይወስዱም። ከትናንት ማታ ጀምሮ ያሉበትን ቦታ አያውቁም፤ በሕይወት የሌሉ ዘመዶቻቸውን ይጣራሉ፤ ጠዋት ሻል ብሏቸው ካወሩን በኋላ መልሶ ጀመራቸው። ከቤተሰቡ ገሚሱ የአእምሮ ሕመም ነው ሲል፣ ገሚሱ ከሆስፒታል አውጥተን ፀበል እንውሰዳቸው ይላል። ሐኪሞቹን ምን ብለን እንጠይቅ?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ እግዚአብሔር ይማርልዎ። አእምሮው ደህና የነበረ ሰው በጽኑ ታሞ ሳለ በድንገት ሲቃዥና ሁኔታው ከሰዓት ሰዓት ሲለዋወጥ፣ ሌላ ምክንያት እስካልተረጋገጠ ድረስ የአካሉ ሕመም አንጎሉን እንደነካው አድርገን እንወስደዋለን፤ ዴሊሪየም የምንለው ይህንን ነው። እባክዎ ከሆስፒታል አያውጧቸው፤ ጸሎቱ አልጋቸው አጠገብም ሊደረግ ይችላል።

እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው የደም ስኳር ማነስን ነው። ኢንሱሊንን ከደም ከሚያስወግዱት አካላት አንዱ ኩላሊት በመሆኑ፣ እሱ ሲደክም የተለመደው መጠን እንኳ በሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል፤ በዚያ ላይ ምግብ ሲቀንስ ስኳሩ ያሽቆለቁላል። አንጎል ደግሞ በዋነኛነት በግሉኮስ (በደም ውስጥ ባለው ስኳር) የሚሠራና የራሱ ክምችት እጅግ አነስተኛ የሆነ አካል ስለሆነ፣ መጠኑ በዴሲሊትር ከ54 ሚሊግራም በታች ሲወርድ መዘባረቅ፣ መወራጨት፣ ሲብስም ራስን መሳት ይከተላል። ምርመራው ከጣት የሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም ብቻ ስለሚፈልግ አሁኑኑ እንዲለካላቸው ይጠይቁ። ስኳሩ ደህና ከሆነ በሳንባ ምቹ ምክንያት ኦክስጅናቸው እንዳልወረደ፣ ቀጥሎም በደም ውስጥ ያሉት ማዕድናት ሶዲየምና ካልሲየም፣ እንዲሁም የኩላሊትና የጉበት ምርመራ ይታይ።

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ፦ ሐኪሙ ስለጠቀሱት ሶዲየም አንድ ነገር ልጨምር። ጤናማው መጠን በሊትር ከ135 ሚሊሞል የሚጀምር ሲሆን፣ በጣም ሲወርድ መቃዠትና ማንቀጥቀጥ ያመጣል። ይሁን እንጂ ለቀናት ዝቅ ብሎ የቆየውን በጥድፊያ መመለስ የአንጎልን ግንድ ሊጎዳ ስለሚችል፣ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 10 ሚሊሞል በላይ እንዳይጨምር እንጠነቀቃለን፤ ሕክምናው ቢዘገይባችሁ ቸልተኝነት አይምሰላችሁ። በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሕመምተኛው ሲወራጭ ማስተኛ መድኃኒት እንዲሰጠው አስታማሚዎች መወትወታቸው ነው። መንስኤው ሳይታወቅ ጸጥ ማሰኘት ሕመሙን ይሸፍነዋል፤ የሚያንቀላፋና የማይመልስ ሕመምተኛም ከሚጮኸው እኩል አስጊ ሊሆን ይችላል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስኳራቸው ተለክቶ 46 ሆነ፤ በደም ሥር ግሉኮስ ከተሰጣቸው በኋላ ለይተው አወቁን። ሌሊት ቢመለስባቸው ስኳር የበዛበት ሻይ ብናጠጣቸው ይሆናል?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ ነቅተው በደንብ የሚውጡ ከሆነ ይሆናል፤ ነርሷን ግን ወዲያውኑ ይጥሩ። ካንቀላፉ ትን ብሏቸው ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ምንም ነገር በአፋቸው አይስጡ። ኢንሱሊኑ ገና ሊሠራ ስለሚችል ሌሊቱን በየጊዜው እንዲለካላቸው፣ ከሚቀጥለው መርፌ በፊትም ሐኪማቸው መጠኑን እንዲያስተካክሉላቸው ይጠይቁ።