ጀርመን ለትምህርት ለምትመጡ፦ ስለ ምግብ

እህቴ፣ «ቅቤና ቋንጣ ይዤ ልምጣ ወይ?» ላልሽው፣ አትያዢ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ አይፈቀድም። ጉምሩክ ካገኘው ይወስደዋል፣ ቅጣትም ሊኖረው ይችላል። እናት የለፋችበት ቅቤ ኤርፖርት ላይ ሲጣል ማየት በጣም ያሳዝናል። ይልቅስ ኮሰረቱን፣ ኮረሪማውንና በሶብላውን ያዢ። ጨው የሌለው ቅቤ በየሱፐርማርኬቱ ስላለ እዚሁ ታነጥሪዋለሽ። በርበሬና ምጥን ሽሮ አይቀሩም። ድርቆሽም አይከብድም፤ ቤት እስክትለምጂ ድረስ ያቆይሻል።

ከሻንጣው በላይ ግን የሚያሳስበኝ የመመገቢያ ሰዓቱ ነው። እዚህ አገር በልማድ ትኩስ ምግብ የሚበላው ቀትር ላይ ነው፤ ማታ ዳቦና አይብ ይበቃቸዋል። የዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት፣ ሜንዛ የሚሉት፣ ለተማሪ ከሁሉም ባነሰ ዋጋ የሚሸጠውም በዚያው ሰዓት ነው። ብዙ ልጆች ቀኑን በቡና ያሳልፉና ማታ ደክሟቸው ገብተው ደረቅ ዳቦ ይበላሉ። በታኅሣሥ በእኛ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይጨልማል፤ ያን ጊዜ ባዶ ሆድ ከብርድና ከናፍቆት ጋር ሲደመር ሰው ይሰብራል። ምሳሽን በደንብ ብዪ።

ለምትጾሙ አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ ሜንዛ ውስጥ በየምግቡ ምልክት ይለጠፋል። «ቪጋን» የሚለው ለጾም ይሆናል። «ቬጌታሪሽ» ግን አይሆንም፤ ሥጋ ባይኖረውም እንቁላል፣ ወተት ወይም አይብ ሊኖረው ይችላል። የአሳማ ሥጋ ያለበትም ተለይቶ ይጻፋል። የሚያስቸግረው በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት ለሚቆይ ሰው ነው፤ አብዛኛው ሜንዛ ከዚያ በፊት ይዘጋል። ስለዚህ ምሳውን በዕቃ አስይዙና በሰዓታችሁ ብሉት። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ትልልቅ ምግብ ቤቶች ለሚወሰድ ምግብ የሚመለስ ዕቃም እንዲያቀርቡ በሕግ ይገደዳሉ፤ መያዣ ከፍላችሁ ዕቃውን ስትመልሱ ገንዘባችሁን ትወስዳላችሁ።

ምስርና ሽምብራ ቱርክ ሱቅ ይረክሳል፣ ሐላል ሥጋም እዚያው አለ። እሑድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ስለሆነ ቅዳሜ ግዙ።

እንጀራ በማይዝ መጥበሻና በክዳን ይጋገራል። በክረምት ሊጡ ቶሎ ስለማይቦካ ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጡት። ሽንኩርት ስታቁላሉ መስኮቱን ክፈቱ፣ የኮሪደሩን በር ዝጉ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ከጮኸ ሕንፃው ሁሉ ይወጣል፣ እሳት አደጋ ከመጣም ወጪውን ልትጠየቁ ትችላላችሁ።

ማእድ ቤት የምትጋሯቸው ልጆች ፊታችሁ ብቻቸውን ሲበሉ ቅር አይበላችሁ። ፍሪጁም በየሰው ተከፋፍሏል፣ «እንብላ» የሚል የለም። ንፍገት አይደለም፤ ያደጉበት ነው። እናንተ ግን ልማዳችሁን አትተዉ፤ እሑድ ሽሮ ሠርታችሁ ቀድማችሁ ጥሯቸው። ከልብ ደስ ብሏቸው ነው የሚመጡት፣ ብዙ ጓደኝነትም ከዚያ ሲጀመር አይቻለሁ።

ፍራንክፈርትና ኮሎኝ የሐበሻ ሱቅ ስላለ ጤፍ አይቸግርም። የተፈጥሮ ምግብ መደብሮችም በትንንሽ እሽግ ይሸጣሉ፣ ዋጋው ግን ለተማሪ ይከብዳል። ላይፕሲግ፣ ድሬስደንና ሃለ ያላችሁ፣ ጤፍ ከየት እንደምታስመጡ እባካችሁ ጻፉልን፤ በጥቅምት ወደዚያ የሚገቡ ልጆች አሉ።