ዐቃቤ ሕግ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ? ጎንደር ያላችሁ ምከሩኝ

የማራኪው ልጅ፦

እንዴት ናችሁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሬ ጨርሻለሁ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። አሁን የዐቃቤ ሕግ ቅጥር ማስታወቂያ ወጥቶ ልመዘገብ ስል ቤቱ ታመሰ። አባቴ «ያስተማርኩህ ሰው እንድትከስ ነው?» ብሎ ሁለት ቀን አላናገረኝም። እናቴ ሌላውን ሁሉ ትታ «የት ወረዳ ነው የሚጥሉህ?» ትላለች፤ በዚህ ጊዜ እሷም አልተሳሳተችም። ጓደኞቼ ነገሩን ቀለል አድርገውታል። ሁለት ሦስት ዓመት ትሠራለህ፣ ልምድ ትይዛለህ፣ የጥብቅና ፈቃድ አውጥተህ ውልቅ።

እኔን የነካካኝ ግን አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ነው። ስለ ቼሳ ቡዲን፣ የሳን ፍራንሲስኮ ዐቃቤ ሕግ ስለነበረው ሰውዬ ላከልኝና ሳነብ አደርኩ። የ14 ወር ሕፃን እያለ፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ እናትና አባቱ ለሞግዚት ትተውት ወጡና ኒው ዮርክ አቅራቢያ በተፈጸመ የብር ማጓጓዣ መኪና ዘረፋ ዘራፊዎቹን ሊያሸሹ ሲሉ ተያዙ። በዘረፋው ሦስት ሰው ሞቷል፣ ሁለቱ ፖሊሶች ናቸው። እናቱ 22 ዓመት ታሰረች፣ አባቱ 40 ዓመት። ልጁ ወላጆቹን እስር ቤት እየጠየቀ አደገ፣ ሕግ ተማረ፣ ተከላካይ ጠበቃ ሆነ፣ ከዚያ በ2019 ተወዳድሮ የከተማዋ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ተመረጠ። በገባበት ሳምንት ሰባት ዐቃብያነ ሕግ አሰናበተ። መሥሪያ ቤቱ ለዋስትና ገንዘብ መጠየቁን እንዲያቆምም አደረገ። ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላው ግን ሕዝቡ ራሱ በድምፅ አወረደው።

ጥያቄዬ እኛ ጋ ነው። አንድ ተራ የወረዳ ዐቃቤ ሕግ፣ ያውም ጀማሪ፣ ምን ሊለውጥ ይችላል? በሥራው ያለፋችሁ ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ 19 ዓመት በዚህ ሥራ ነበርኩ። አሁን ጡረታ ወጥቼ አዘዞ ተቀምጫለሁ፣ ጊዜ ስላለኝ ሳላሳጥር ልመልስልህ።

ያንን ሰውዬ ለጊዜው ወደ ጎን አድርገው። እሱን ሕዝብ መርጦታል፣ ስለዚህ መድረክ ላይ ወጥቶ «እንዲህ ያለውን አልከስም» ማለት ይችላል። አንተ ትመደባለህ እንጂ አትመረጥም። በላይህ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አለ፣ ከሱ በላይ የዞን መምሪያ፣ ከዚያ ባሕር ዳር ያለው ቢሮ። መግለጫ ልስጥ ብትል በማግሥቱ የትኛው ቆላ እንደምትዛወር እናትህ ቀድማኝ ትነግርሃለች።

ያንተ ሥልጣን መዝገቡ ውስጥ ነው ያለው። ተማሪ ቤት የ1954ቱን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሸምድደሃል፣ እኔ ደግሞ የኖርኩት በሦስት አንቀጽ ነው። 38 ላይ ፖሊስ ላመጣልህ መዝገብ ተጨማሪ ምርመራ ማዘዝ ትችላለህ። 42 ላይ ማስረጃው የማያስቀጣ ከሆነ አትክሰስ ይልሃል። 109 ላይ ክሱን ለማዘጋጀት 15 ቀን ይሰጥሃል። ይኸው ነው። ችግሩ እነዚህን አንቀጾች የሚያውቃቸው ሁሉ አይጠቀምባቸውም። ቢሮ ስትገባ በመጀመሪያው ሳምንት የምትሰማውን ልንገርህ፦ «እንክሰሰውና ነፃ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ይልቀቀው።» ፍርድ ቤቱማ ይለቀዋል፣ በ141 ነፃ ብሎ ያሰናብተዋል። ግን ከስንት ቀጠሮ በኋላ? ሰውዬው በሬውን ለጠበቃ ሸጦ ከጨረሰ በኋላ ነው።

አንድ መዝገብ ልንገርህ። የገበያ ቀን ነው፣ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ስልክ ሰረቀ ተብሎ ተያዘ። መዝገቡ አራት ገጽ አይሞላም። ሁለት ምስክር አለ። የአንደኛውን ቃል አነበብኩ፣ «ከቀኑ 7፡30 ሲሆን ከሾላው ጥላ ሥር ቆሜ ሳለሁ» ይላል። የሁለተኛውን ከፈትኩ፣ «ከቀኑ 7፡30 ሲሆን ከሾላው ጥላ ሥር ቆሜ ሳለሁ»። እሺ፣ አብረው ቆመው ይሆናል አልኩ። ወረድ ስል መርማሪው በመጀመሪያው ላይ «ተከሳሹ» ለማለት «ተከሻሹ» ብሎ ጽፏል፤ ሁለተኛው ላይም «ተከሻሹ»። ገልብጦታል ማለት ነው። ምስክሩን አስጠራሁት። የቀን ሠራተኛ ነው፣ እጁ ላይ ሲሚንቶ አለ። «ጌታዬ፣ ፈርም አሉኝ ፈረምኩ፣ እኔ ሾላ የሚባል አላየሁም» አለኝ።

በ42 ዘጋሁት። ለአለቃዬ ሁለት ገጽ ምክንያት ጻፍኩ። የስልኩ ባለቤት ሽማግሌ ይዞ መጣና ቢሮዬ በር ላይ «ጉቦ በልቷል» ብሎ ጮኸ። በዚያ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ነጥቤ ወረደ፣ ምክንያቱም ያኔ እኛ ጋ የሚቆጠረው የተከሰሰና የተቀጣ እንጂ በጥንቃቄ የተዘጋ አልነበረም። ልጁ አሁን ባጃጅ ይነዳል፣ አራዳ ሲያየኝ መብራት ያበራልኛል። ሒሳብ አይቀበለኝም፣ እኔም ኩራቴን ትቼ እሳፈራለሁ፣ ምን ላድርግ።

ሌላው ሥራ እግር ነው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ማረፊያ ቤቱን እጎበኝ ነበር። አንድ መስመር ያለው ደብተር ነበረኝ፤ ስም፣ የገባበት ቀን፣ ፍርድ ቤት የቀረበበት ቀን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ 48 ሰዓት ይላል። ደብተሩ ላይ የ9 ቀንም የ11 ቀንም አለ። መጀመሪያ ሰሞን አዛዡ ቡና ጋበዘኝ። ሦስተኛው ሰኞ ላይ ቡናው ቀረ። ከዚያ እሑድ ማታ ማታ ማረፊያ ቤቱ ባዶ ባዶ መሆን ጀመረ፣ እኔ ሳልመጣ ይለቋቸዋል። እኔ ምን ቸገረኝ።

ኦክላንድ ያለሁት፦

የቀበሌ 03 ልጅ ነኝ፣ እዚህ ከሳን ፍራንሲስኮ ማዶ ያለችው ኦክላንድ ከወጣሁ ብዙ ዘመኔ ነው፣ መኪና እነዳለሁ። ስለ ቡዲን ያነበብከው ልክ ነው ግን የመንገዱን ወሬ እኔ ልጨምርልህ።

እሱ ሥልጣን ላይ እያለ ሳን ፍራንሲስኮ ሰው አውርጄ ስመለስ መስታወቴን ሁለት ጊዜ ሰብረውብኛል። ሁለተኛው ቀን ለፖሊስ ስደውል «ዐቃቤ ሕጉ አይከስምና ምን እናድርግ» አሉኝ። አመንኳቸው። በኋላ ሳስበው ሌባውን መቼ ያዙትና ነው እሱ ሳይከስ የቀረው? መያዝ የፖሊስ ሥራ ነው። ግን መስታወቱ ተሰብሮ፣ ዝናብ እየገባብህ፣ የቆምክበት ቦታ ላይ ማን የቱን ይሠራል ብለህ አትተነትንም። ንዴትህን የሚሸከም አንድ ስም ነው የምትፈልገው፣ ያ ስም ደግሞ ቡዲን ሆነ።

ሰውዬው የሠራውም አለ፣ አይካድም። በሥራ ላይ ሰው የገደለ ፖሊስ በነፍስ ማጥፋት በመክሰስ በከተማዋ ታሪክ እሱ የመጀመሪያው ነው። ያለጥፋታቸው የታሰሩትን መዝገብ የሚያይ ኮሚሽን አቋቁሞ፣ 32 ዓመት የታሰረ ሰው በ2022 ሚያዝያ ላይ ተፈታ። እናቱ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ሞተች፣ በወሩ ሰኔ 7 ድምፅ ተሰጠ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምላችሁ)፣ ከመቶ 55 ያህሉ «ይውረድ» አለ። ከንቲባዋ የተካችው ከሱ ቢሮ ለቅቃ ይውረድ እያለች ስትቀሰቅስ የነበረችውን ዐቃቤ ሕግ ነው። እሷ ደግሞ የፖሊሱን ክስ አነሣችው። ቡዲን አሁን በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ማዕከል ይመራል፣ ደህና ኑሮ ነው።

የኛ ካውንቲም (ኦክላንድ ያለችበት አውራጃ በሉት) እንደዚሁ «ለውጥ» የምትል ዐቃቤ ሕግ በ2022 መርጦ በ2024 አወረዳት። እኔም ይውረድ ካሉት ነኝ፣ አልዋሽም። ልክ ልሁን አልሁን አሁንም አላውቀውም።

አንተ የማትመረጥ መሆንህ ዕድል ነው እላለሁ። ስለ አንተ ማስታወቂያ የሚለጥፍ የለም።

አፄዎቹ ለዘላለም፦

እኔ የምለው፣ ደመወዙን የተናገረ የለም እኮ! ጋሼ ጡረተኛው ሰኞ ሰኞ ጣቢያ የሚሄዱት በእግር መሰለኝ 😀 ወንድሜ፣ ፒያሳ አንድ ክፍል ቤት ኪራይ ጠይቀህ ከዚያ ተመዝገብ። ደግሞ አባትህ ልክ ነው። እዚህ አገር ከሳሽ ሲባል ማንም ደስ አይለውም።

ቀሐ ሰፈር፦

ከላይ የጻፍከው ወንድም፣ ከሳሽ ሲባል ደስ የማይልህ ምናልባት የሞተብህ ሰው ስለሌለ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።

ወንድሜ የተገደለው ገጠር ነው፣ በድንበር መሬት ጠብ። ገዳዩ ዘመዳችን ነው፣ በሩቅ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ቄሶቹ መስቀል ይዘው መጡ፣ ደም ይድረቅ ተባለ። እናቴ እሺ አለች። ሌላ ልጅ እንዳይሞትባት ነው እሺ ያለችው፣ እኔም አልፈርድባትም፣ ሽምግልናው ባይኖር ታናሽ ወንድሜ ብረት አንሥቶ ነበር። ግን ከዕርቁ በኋላ ምስክሮቹ ሁሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ታርቃችሁ የለም እንዴ፣ እኛን ምን አገባን» ይላሉ።

ዞን ላይ መዝገቡን ሦስት ዐቃቤ ሕግ ተቀባብለውታል። የመጀመሪያው ስሜን አያውቅም። ቀጠሮ ስንመጣ «የየትኛው መዝገብ ናችሁ?» ይለን ነበር። ሁለተኛው ወጣት ነው። ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን ደወለልኝ። «እትዬ፣ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ እናትሽን አታምጫት፣ የሬሳውን ፎቶ ሊያወጡ ይችላሉ» አለኝ። ስልኩን ይዤ አለቀስኩ። በሦስት ዓመት ስለ እናቴ ያሰበ እሱ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹንም ሰብስቦ፣ ሳይቆጣ፣ ስድብ ወይም ቀላል ድብደባ በአቤቱታ የሚከሰስ ስለሆነ ዕርቃችሁ ክሱን ያስቀራል፣ ሰው ሲሞት ግን ከሳሹ መንግሥት ነው፣ ዕርቃችሁ ቅጣት ያቀልል ይሆናል እንጂ መዝገብ አይዘጋም ብሎ አስረዳቸው። አንዱ ምስክር በዚያ ምክንያት ቃሉን ሰጠ።

ከዚያ ልጁ ተዛወረ። ሦስተኛው መጣ፣ ምስክር አልቀረበም ተባለ፣ ምስክሮቹ ሲገኙ ይንቀሳቀሳል ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ። ይኸው ተዘግቶ አለ።

ጡረተኛው፦

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የተናገርሽው እውነት ነው፣ እኔም ያፈርኩበት ነው። እኔ ስለታሰሩት ብዙ አወራሁ፣ ስለሞተባቸው ግን አንድ ቃል አልተነፈስኩም። 19 ዓመት ሙሉ አንድም የሟች ቤተሰብ ጋ ደውዬ አላውቅም። በጽሑፍ መጥሪያ ይላካል፣ በቃ ብዬ ነበር የማስበው።

መዝገቡ የተዘጋው በነፃ አይደለም። ምስክር ሲገኝ ይከፈታል። የተሰጠው የምስክር ቃል አብሮ አለ፣ እሱ አይጠፋም።

የማራኪው ልጅ፦

ጋሼ፣ እትዬ፣ ሁላችሁም አመሰግናለሁ። የኪራዩንም ነገር ጠይቄያለሁ፣ አልዋሽም ደንግጫለሁ።

አባቴን ዛሬ ምሳ ላይ የጋሼን የ«ተከሻሹ» ታሪክ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ከዚያ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» አለና እንጀራውን መብላት ቀጠለ። ፈቀደ ማለት ይሁን አይሁን አላወቅሁም። እናቴ አሁንም የት ወረዳ ነው እያለች ነው።

ሰኞ እመዘገባለሁ። ጋሼ፣ ያ ደብተር አሁንም አለ? ማየት ብቻ።

ጡረተኛው፦

አለ፣ ሁለት ሆኗል። አዘዞ ብቅ በል፣ ወተት እንጠጣለን። ክራቫትህን ትተህ ጭቃ የሚችል ጫማ ግዛ።

ቀሐ ሰፈር፦

አንተ ልጅ፣ እግዚአብሔር ብሎ አንድ ቀን ዞን ከደረስክ፣ የኛ መዝገብ ሰማያዊ ክላሰር ውስጥ ነው፣ ጀርባው ላይ እኔ ራሴ በእስክሪብቶ የወንድሜን ስም ጽፌበታለሁ፣ ጸሐፊዋ ተቆጥታኝ ነበር። ፈልገው።