ጤና አዳሜን የሚበላው ትል እንዴት መረጠው?

የጓሮዋ (ቱሉ ዲምቱ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነው የምኖረው። መስኮቴ ሥር ጤና አዳም፣ ሎሚ፣ እንስላል፣ በሶብላና ጎመን ተክያለሁ። ሰሞኑን ትል ጤና አዳሙን ጭራሮ አድርጎት ሄደ። ሎሚውም ላይ ያው ትል ነው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ እንስላሉ ላይ አንድ አገኘሁ። በሶብላና ጎመኑን ግን ዞር ብሎም አላያቸው። ትንሹ የወፍ ኩስ ይመስላል፣ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። በስንጥር ነካ ሳደርገው ከአንገቱ ቀይ መንታ ቀንድ አወጣብኝ፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

ጤና አዳምን እኛ እንኳን ለቡና ቅንጣት ነው የምንጨምረው። እሱ እንዴት ጠግቦ ይበላዋል? ሎሚና እንስላልንስ ምን አገናኛቸው?

አባ ቡራዩ፦
እህቴ፣ ሳይባዛ መድኃኒት ርጪበት።

ዕፀዋት (ሰበታ)፦
አትርጪ እህቴ፣ ቡናሽ ውስጥ የሚገባ ቅጠል ነው። በእጅ ይለቀማል።

የመረጠችው እናቲቱ ናት። ጥቁር ላይ ቢጫ ጣል ጣል ያለባት ትልቅ ቢራቢሮ አላየሽም? ቢራቢሮ በእግሯም ትቀምሳለች። ቅጠሉ ላይ አርፋ በፊት እግሮቿ መታ መታ ታደርገዋለች። ከተስማማት እንቁላሏን ጣል አድርጋ ትሄዳለች።

ጤና አዳምና ሎሚ ዘመዳሞች ናቸው። እንስላል የድምብላልና የካሮት ወገን ነው፤ ግን ሽታ ከሚሰጧቸው ዘይቶች የሚጋሩት አለ። አሜሪካዊው ቪንሰንት ዴቲየር በ1941 እ.ኤ.አ. የዚህችን ቢራቢሮ ዘመዶች ትሎች የሚስቡት እንዲህ ያሉት ዘይቶች መሆናቸውን አሳይቷል። በሶብላም ይሸታል፣ የእሱ ሽታ ግን ሌላ ነው። ጎመን ደግሞ የራሱ ትል አለው።

ጤና አዳም፣ ሎሚና እንስላል መርዝም ይጋራሉ። አንዴ ፀሐይ ላይ ጤና አዳም ስቆርጥ ውዬ እጄ ውሃ ቋጠረ። ጭማቂው ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ያቃጥላል። ብዙ ነፍሳትን ይጎዳል። የዚህች ቢራቢሮ ወገኖች ግን ሆዳቸው ውስጥ የሚሰባብሩበት ኤንዛይም አላቸው። ሌላው የሚሸሸው ማዕድ ለእነሱ ብቻ ተረፈ ማለት ነው።

የጓሮዋ (ቱሉ ዲምቱ)፦
እግዜር ይስጥልኝ! ከጤና አዳሙ ሰባት ለቅሜ ሎሚው ላይ አደረግኋቸው፤ መብላት ጀምረዋል። የእንስላሉን ግን ሎሚ ላይ ባስቀምጠው እስከ ማታ አልበላም።

ዕፀዋት (ሰበታ)፦
ወደ እንስላሉ መልሺው። ትል የጀመረውን ቅጠል ይለምዳል፤ ሌላውን እንቢ ብሎ በረሃብ የሚሞትም አለ።