ወርች ከሰል ላይ፦ አዋዜው ያርራል፣ መሃሉ ይጠነክራል

ሰላም፣ ጥብስ የምትችሉ እርዱኝ። ጭቅናና ሽንጥ ስለተወደደ የምገዛው የበሬ ወርች ነው። ጣዕሙ ግሩም ነው፣ አስቸጋሪው ጅማቱ። 1 ኪሎውን በ2 ሳንቲሜትር ውፍረት ቆርጬ በ3 የሾርባ ማንኪያ አዋዜ፣ በ1 ራስ የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት፣ በ1 የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ በ2 ሎሚ ጭማቂ፣ በጨውና በዘይት አሽቼ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ከሰሉ አመድ ሲለብስ ፍርግርጉ ላይ በየጎኑ 4 ደቂቃ።

አዋዜው አርሮ ይመራል። ላዩ ከሎሚው የተነሳ ይላላል፣ መሃሉ ግን እንደ ጎማ ነው። ዘይቱ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ ደግሞ ነበልባል ይነሳል።

በርበሬ ቶሎ ስለሚያር ማታ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና ኮረሪማ ብቻ አድርጌ አዋዜውን በመጨረሻው 2 ደቂቃ ልቀባው አስቤያለሁ። ሎሚውስ ከመጠበሱ 1 ሰዓት በፊት ቢገባ ይበቃል?

ከሁሉ በላይ የጨነቀኝ ጅማቱ ነው። የሥጋውን ክር አቋርጦ በስሱ መቁረጥ ያለሰልሰዋል፣ ወይስ ወርች መጀመሪያ በዝግታ መቀቀል አለበት? መቀቀል ካለበት፣ ፍርግርጉ ላይ እንዳይፈራርስ ስንት ሰዓት ላቆየው? የጥብስ ቅጠሉንስ መቼ ልጨምር?